ሦስት ካርድ ለአንድ ቃል

ውድ እትዬ፣

ከአባባ ቀብር ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ መጣሁ። ፖስታው ላይ ስሜን ስታዪ «ይቺ ደግሞ ምን ፈለገች?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ የምፈልገው ነገር አለ። ግን እንደ ልጅነቴ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ አልጠይቅሽም። ፈርቻለሁ፣ እትዬ። አባባን በሽታው ሲጀምረው እንዴት እንደጀመረው ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜም ቁጥርሽን ነካክቼ ተውኩት። አንቺ ስትቆጪ እችልሻለሁ፤ ዝም ስትዪ ግን አልችልም። በወረቀት ከሆነ ዝም ብትዪም አልሰማሽም። ደግሞ የምነግርሽ ሌላ ነገር አለኝ፤ ያንን በድምፄ ልናገረው ብል አፌ ይተሳሰራል። መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ፤ እስከዚያ ደብዳቤውን ቀደሽ እንዳትጥዪው አደራ።

እኔ አሁንም እዚያው መዝገበ ቃላት ክፍል ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ በቡጢ ካልተመታ የማይዘጋው ክፍል። የእንግሊዝኛን ቃል በአማርኛ እንፈታለን። አንድ ጊዜ መጥተሽ «ለዚህ ነው እንዴ ደሞዝ የሚከፍሏችሁ?» ብለሽ የሳቅሽበትን ታስታውሺያለሽ? አሠራራችን አልተለወጠም፤ አንድ ቃል፣ አንድ ካርድ፣ ሁለት ፊርማ። ካርዱ ወፍራም ነው፣ መዳፍ ያክላል። የመጀመሪያው አንባቢ ፍቺውን፣ የቃሉን አመጣጥና አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ይጽፍና በቀኝ በኩል ይፈርማል። ሁለተኛው አንባቢ አይቶ በግራ ይፈርማል። ሁለት ፊርማ የሌለው ካርድ ወደ ጸሐፊዋ አይሄድም። ሰው ብቻውን ይሳሳታል ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።

የእኔ ሁለተኛ አንባቢ ጋሽ አራት ነጥብ ነው። ክርክር በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛውን በጣቱ መታ አድርጎ «አራት ነጥብ!» ስለሚል ያወጣንለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እኛም አሁን አሁን እየረሳነው ነው። ይሄን ስጽፍ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋብኝ።

ዘንድሮ ኤን የሚባለው ፊደል ላይ ደርሰናል። አለቃችን ትልልቆቹን ቃላት ለባለ ዲግሪዎቹ ያድልና ትንንሾቹን ለእኔ ይተዋል፤ ውለታ የዋለልኝ ነው የሚመስለው። ትንንሾቹ ናቸው እኮ ነፍስ የሚያስወጡት! «ናይትሮጅን» ምን አለበት? በሁለት መስመር ትገላገዪዋለሽ። «ናይስ» ግን ጉድ ነው። ፀጉር ቤት ተሠርተሽ ስትነሺ «ናይስ ሆነሻል» ይሉሻል። ታክሲ ውስጥ ጎረምሳው ስለ ጫማው፣ ሴትየዋ ስለ ምራቷ፣ ሾፌሩ ስለ አየሩ፣ ሁሉም ናይስ ነው። ጥሩ፣ ደስ የሚል፣ ደግ፣ ያማረ፤ ሁሉንም ነው፣ ሲጨብጡት ደግሞ ምንም የለውም።

አመጣጡን ስታዪ የበለጠ ይገርምሻል። ከላቲን የተነሳ ቃል ነው፤ አንዱ ቁራጭ «አይደለም» ይላል፣ ሌላው «ማወቅ»፣ ሲገጣጠሙ «የማያውቅ» ማለት ነው። በፈረንሳዮች አፍ አልፎ እንግሊዞች ዘንድ ሲገባ ትርጉሙ ቂል ነበር። ስድብ ነበር፣ እትዬ! ከዚያ በየዘመኑ ልብስ እየቀየረ አፋር ሆነ፣ ምንም የማይጥመው ሆነ፣ ጥንቁቅ ሆነ፣ ረቂቅ ሆነ፤ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መጨረሻ ላይ ደስ የሚል ሆኖ አረፈ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የ«ናይስ»ን ካርድ ጨርሼ ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ወስጄ ለጋሽ አራት ነጥብ ሰጠሁት። ካርዱን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ምነው፣ ተሳስቻለሁ?» አልኩት።

«ተቀመጪ እስቲ።»

«ጋሼ፣ ሥራ አለኝ እኮ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

የታችኛውን መሳቢያ ከፈተና ሁለት ካርድ አውጥቶ ከእኔው ካርድ ጎን ደረደራቸው። ሦስቱም «ናይስ» ናቸው። ሦስቱም በእኔ አረንጓዴ እስክሪብቶ፣ በእኔ ጽሕፈት፣ የእኔው ፊርማ በቀኝ በኩል።

«የማን ቀልድ ነው ይሄ?» አልኩት።

«የመጀመሪያውን ያመጣሽልኝ ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። ሁለተኛውን የዛሬ ሦስት ሳምንት።» ቀኑን በጣቱ አሳየኝ። ቀኑንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«አልጻፍኩም።»

«እሺ» አለኝ። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በነጠላ ሰረዝ ሲከራከረኝ ኖሮ፣ በዚህ እሺ ሲለኝ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሁለተኛውን ስታመጪ ደክሟት ነው አልኩ። ሰው ይዘነጋል። የመጀመሪያውን ከጸሐፊዋ መልሼ ወሰድኩና ሁለቱንም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሦስተኛውን ግን...» አለና ተወው። እኔ አራት ነጥብ እስኪል ጠበቅሁ፣ እሱ ግን አላለም።

«አለቃው ያውቃል?»

«ከመሳቢያዬ አልወጣም። አይወጣምም። ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ እባክሽ። ብቻሽን አትሂጂ ደግሞ።»

ሦስቱን ካርዶች ለመንኩት፣ ሰጠኝ። አሁን ፊቴ ናቸው። የመጀመሪያው ምንም አይወጣለትም፤ ትርጉሞቹ በየዘመናቸው ተደርድረዋል። ሁለተኛው ላይ «አፋር» የለም፣ «ጥንቁቅ» ግን ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ባለፈው ማክሰኞ የጻፍኩት፣ ደስ ያለኝ እሱ፣ «ደስ የሚል»፣ «ጥንቁቅ» ይልና ያቆማል። አመጣጥ በሚለው ቦታ ላይ አንዲት ሰረዝ ብቻ አለች። ቅድም ስለ ላቲኑ የጻፍኩልሽን በቃሌ እንዳይመስልሽ፤ ከመጀመሪያው ካርድ ላይ ነው የገለበጥኩት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የምሳሌው መስመር ነው። የመጀመሪያው ካርድ ላይ «ጎረቤታችን ደስ የሚል ሰው ነው» ይላል። የማክሰኞው ላይ በዚያው በእኔ ጽሕፈት ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «በሩን ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ።» የዚህ ቃል ምሳሌ አይደለም። የምንም ቃል ምሳሌ አይደለም። ጋሽ አራት ነጥብም ስለሱ አልጠየቀኝም። ከየት እንደመጣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ አሁን ወደዚያ እየሄድኩ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ አባባ። የመጀመሪያውን ካርድ ከታች ወደ ላይ ሳነበው አባባን አየሁት። ሐኪም ቢሰማኝ ይስቅብኛል፤ ምናልባትም እኔው ነኝ ያገጣጠምኩት፣ ቃል ሲያገጣጥም የኖረ ሰው ሌላ ምን ያውቃል። ግን እስቲ እዪው። አባባ ደስ የሚል ሰው ነበር። የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብሎን ሲፈታ ኖሮ አንድ የተቀየመው መካኒክ አልነበረም። ከዚያ ጥንቁቅ ሆነ። ማንኪያዎቹን በቁመት ይደረድር ነበር፤ በሩ መዘጋቱን ለማየት አሥር ጊዜ ይነሳ ነበር። እኛ ጡረታ ነው አልን፣ ሥራ ፈትቶ ነው። ቀጥሎ ምንም የማይጥመው ሆነ፤ ሾርባው ወፈረ፣ ሸሚዙ የሱ አይደለም። ከዚያ ማፈር መጣ። ስታጥቢው ፎጣውን ፊቱ ላይ ያደርግ እንደነበር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ሬዲዮው የሰው ሞት ሲያወራ ይስቅ ጀመር። መጨረሻ ላይ የማያውቅ ሆነ። ቃሉ በብዙ መቶ ዓመት የወጣውን መንገድ አባባ በሰባት ዓመት ተመልሶ ወረደው።

እኔ ያየሁት በየእሑዱ አንድ አንድ ሰዓት ነው፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዤ እየመጣሁ። «መዝገበ ቃላቱ አያስወጣኝም» እል ነበር። ውሸቴን ነው። መዝገበ ቃላቱ ማንንም አስሮ አያውቅም። እፈራው ነበር። አባቴን እፈራው ነበር፣ እትዬ።

የጋራዡ ሰዎች ሊጠይቁት የመጡ ዕለት አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ በእጁ ይዞ የመፍቻዋ ስም ጠፋበትና «ያቺ... ምንትስ» ያለው ትዝ ይልሻል? ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። አሁን ቤቴ ውስጥ «ምንትስ» ባልኩ ቁጥር እቆጥራለሁ። ትናንት ሰባት ጊዜ። ጀበናውን ውኃ ሳልጨምርበት ጥጄው ጠቁሯል። ጎረቤቴን ደረጃ ላይ ሰላም ብያት ስመለስ እንደገና ሰላም ስላት ፊቷን አየሁት። አንዳንዱ ድካም ይሆናል፣ አንዳንዱ እርጅና። የትኛው የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ፍርሃቱ ደግሞ አይመርጥም። በየጠዋቱ ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ስምሽን ጮክ ብሎ መጥራት ነው፣ እንዳለ ለማረጋገጥ።

አሁን ልንገርሽ። 

አባባ የጠፋ ቀን እኔ ቤት መጥቶ ነበር።

ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀርቼ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳዋ ሳይ እሱ ነው። አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ፣ ኮቱ በአንድ ቁልፍ ብቻ ተያይዞ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ! እንዴት ቤቴን እንዳገኘው አሁንም አይገባኝም።

«ማነው?» አልኩ። እያየሁት እኮ ነው የጠየቅሁት።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ማን?»

ትንሽ አሰበ። ግንባሩን ሲቋጥር ታየኝ፤ ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። ስሙን ፈለገው፣ አጣው። «በሩን ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ» አለ።

በፊቱ እሑድ ክንዴን ይዞ «ሴትዮ፣ ልጄን የት ደበቅሻት?» ብሎኝ ነበር። አንቺ ኩሽና ነበርሽ፣ አልነገርኩሽም። ያ ፊቱ ፊቴ ድቅን አለ። አልከፈትኩም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ እንደ እንግዳ ነበር የሚያንኳኳው፣ ቀስ ብሎ፣ እየጠበቀ። አንዴም አልጮኸም። ከዚያ ነጠላ ጫማው ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ፤ በመስኮት ሳይ ወደ ጋራዡ አቅጣጫ ታጠፈ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወልሽ። «አባባ አንቺ ጋ መጥቷል እንዴ?» አልሽኝ፣ ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አልመጣም፣ እኔም አሁን ነው የገባሁት» አልኩሽ። ዘበኞቹ ጋራዡ ውስጥ ከአንድ አውቶቡስ ጎማ ሥር ተቀምጦ፣ እስከ አጥንቱ ርሶ ሲያገኙት እዚያ ቀድሜሽ የደረስኩት ለምን ይመስልሻል? ወዴት አቅጣጫ እንደሄደ ስለማውቅ ነው። ሳንባውን ያዘው፣ በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው።

ቀብሩ ላይ ምን እንዳልሽ ታስታውሺያለሽ? «በሩን ያልቆለፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት» እያልሽ አለቀስሽ። እኔ ትከሻሽን መታ መታ እያደረግሁ «ተይ፣ እንዲህ አይባልም» አልኩሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊትሽን ማየት አልቻልኩም። አንቺ ኮራችብኝ ብለሽ ይሆናል። ኩራት አይደለም። ዓይንሽን ካየሁ እናገራለሁ ብዬ ነው የሸሸሁት።

በሩን አለመቆለፍሽ ምንም አይደለም፣ እትዬ። አባባ ከአንቺ በር ወጥቶ በደህና እኔ በር ድረስ ደርሶ ነበር። ያልተከፈተው በር የእኔ ነው።

የማክሰኞውን ካርድ ካየሁ ጀምሮ የሚያስፈራኝ መታመሜ ብቻ አይደለም። ይህንን ቀን ብረሳው እውነቱን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ «እኔ ነኝ» እያልሽ ትኖሪያለሽ፤ እኔ ደግሞ ከጎንሽ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላውቅ፣ ደስ የምል ሴትዮ ሆኜ ፈገግ እላለሁ። ከሞት ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል።

ሐኪሙ ለሐሙስ ሳይሆን ለቀጣዩ ሐሙስ፣ ጠዋት በአራት ሰዓት ቀጥሮኛል። «ከልጅነትሽ የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ» አለኝ። «እህት አለችኝ» አልኩት። አለችኝ ወይ? ባትመጪ አልፈርድብሽም። ክፈቺልኝ ለማለት እኔ የመጨረሻዋ ሰው ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን እያንኳኳሁ ነው።

ሰላም ሁኚልኝ። ብትመጪም ባትመጪም ሌሊት ተኚ፤ በሩ የአንቺ አልነበረም።

ታናሽሽ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህንን የምጽፈው ፖስታ ቤት ቆሜ ነው፣ በገመድ በታሰረችው እስክሪብቶ። ፖስታውን አሽጌ ለሠራተኛዋ ስሰጣት አድራሻውን አየችና ፈገግ አለች። «ዛሬም ለእህትሽ ነው?» አለችኝ።

«ዛሬም ማለት?» አልኳት።

«ያው ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊትም ልከሽ የለ? ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እኮ ጠፋ፣ ለዚህ ነው ያስታወስኩሽ። እንዴት ናይስ እህት ነሽ!»

ፖስታውን መልሼ ተቀብያት፣ ቀድጄ ከፍቼ ይሄንን እየጨመርኩ ነው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች እያጉረመረሙ ነው። እትዬ፣ ከላይ ስድስት ዓመት አንድ መስመር አልጻፍኩም ያልኩሽ ሆን ብዬ ስዋሽ አይደለም። በእነዚያ ደብዳቤዎች ስለ በሩ ነግሬሽ ይሆን? ወይስ ስለ አየሩ ብቻ አውርቼ ይሆን? ሌላ ነገር ብዬሽ ከሆነ ይሄኛውን እመኚ። ስንተኛው እንደሆነ ጀርባው ላይ ጽፈሽ፣ በግራ በኩል ፈርመሽ መልሺልኝ፤ ሁለተኛ አንባቢዬ አንቺ ሁኚ። መልስ ሰጥተሽኝ የረሳሁት ከሆነ ደግሞ፣ እባክሽ፣ እንደገና መልሺልኝ።

በሩን ክፈቺልኝ።

እኔ ነኝ።